የእማዬ ማጽናኛ

ደብረ ታቦር፣ ማክሰኞ ኅዳር 10



ጠዋት ሐኪሟ ጡቴ ላይ ያለውን እብጠት ዳበሰችው፤ በአልትራሳውንድም አየችው። «አይዞሽ፣ ክፉ አይመስልም። ሲነኩት እንዲህ የሚንሸራተተው ብዙ ጊዜ አያሰጋም። የሚያስፈራን ድርቅ ብሎ አልነቃነቅ የሚለው ነው» አለችኝ። በደስታ እየበረርኩ ቤት ገባሁ።

እማዬ ትናንት ከሐሙሲት መጥታ ስትጸልይልኝ ነው ያደረችው። ገና አፌን ሳልከፍት እጄን ያዘችና በቀሚሷ አንገት ወደ ጡቷ አስገባችው።

«ለዚች ነው እንዲህ የምትጨነቂው? ይኸው እኔም አለችኝ፣ ከዓምና ጀምሮ። አታመኝም፣ ምንም አላደረገችኝም።»

በጣቴ ገፋ አደረግኋት። ደግሜ ገፋኋት። ንቅንቅ አላለችም።

«አየሽ? አሁን ልብሽ አረፈ?» አለችኝ እየሳቀች።

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት።