ቁራው አማቻችን

ይድረስ ለእህቴ ለዝናሽ አስናቀ፣ ቤልግሬድ።

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ብርዱስ ከጉና ብርድ ይብሳል ወይስ ለመድሽው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን ጉልበቷ ተሽሏት ቤተ ክርስቲያን በእግሯ መሄድ ጀምራለች።

ልብሽን ሳላንጠለጥል ልንገርሽ፤ አባባ እሺ ብለዋል። ሚሎሽን አግቢው። ይኸው ከሁለት ወር ጭንቀት በኋላ እንቅልፍ የጠገብሁት ገና ትናንት ነው።

«ለምን እምቢ አሉ?» እያልሽ ስታለቅሺ እውነቱን የደበቅሁሽ አፍሬ ነው። መቼም በእኛ ቤት ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ እንደሌለ ታውቂያለሽ። የልጁን ዘር በቴሌግራም ስትልኪልኝ መሪጌታ ምሕረትአብ ባሉበት ለአባባ አነበብሁላቸው፦ ሚሎሽ ጋቭራን፣ አባቱ ድራጋን ጋቭራን፣ አያቱ ስቴቫን ጋቭራን፣ እናቱ የሌና ጋቭራን። የአባባ ፊት ጠቆረ። በእኛ ወግ ከስም ቀጥሎ የሚጠራው አባት አይደል? አያትም፣ አባትም፣ ልጅም የአንድ ጋቭራን ልጆች ሆነው አረፉት! እሱስ ባልከፋ፤ እናትየውም የጋቭራን ልጅ ሆና ተገኘች። «እኅቱን ካገባ ሰው ለተወለደ ልጄን አልሰጥም» አሉ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ተማርሁ ባይዋ ነገሩ እውነት መሰለኝ።

ምክንያቱን ሳልነግርሽ «ጋቭራን ማን ነው?» ብዬ ጠይቄሽ የላክሽልኝ ያ ረጅሙ መልእክትሽ ባለፈው ሳምንት ሲደርሰኝ ነው ዓይኔ የበራው። በማግስቱ በሚኒባስ፣ ከዚያም በእግሬ ወደ አባባ ወጣሁ። መሪጌታም አጥሩ ሥር አብረዋቸው ፀሐይ ሲሞቁ ደረስሁ። ጋቭራን የሰው አባት ሳይሆን የቤቱ ሁሉ መጠሪያ እንደሆነ፣ ሚስትም ባሏ ቤት ስትገባ እንደምትወርሰው፣ ፍችውም ቁራ ማለት እንደሆነ አነበብሁላቸው። «ቁራ?» ብለው አባባ ከዘራቸውን ጨበጡ። ቶሎ ብዬ ቀጠልሁ። የዚያ አገር የጥንት ሰዎች ልጃቸውን በወፍ ስም ይጠሩ ነበር፤ አንዱን ጠጉሩ ስለጠቆረ፣ አንዱን ድምፁ ስለጎላ፣ ልጅ እየሞተበት የተቸገረውም ሞት ንቆ እንዲያልፍለት። ኋላ ስሙ የቤት ስም ሆኖ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። ሶኮሎቪች የሚባለው የጭልፊት፣ ጎሉቦቪች የርግብ፣ ሩሲያ ያለው ኦርሎቭ ደግሞ የንስር ወገን ነው።

አባባ እጃቸውን አነሱ። «ሞት ንቆ እንዲያልፍለት ያልሽውን እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት። «የኔ አያት ስማቸው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አሞራው ነዋ! ከሳቸው በፊት ሦስት ልጅ የተቀበረባት እናት አራተኛው እንዲተርፍላት ያወጣችው ስም። «ይኼማ የኛው ነገር ነው እኮ! የዚያች አገር እናትም እንዲሁ አልቅሳለች» ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም አለቀስሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት።

መሪጌታ ላለመቀደም «ኤልያስን የመገበው ቁራ አይደለምን?» አሉ። አሁን ሲጠየቁ ነገሩን ከመጀመሪያውም አውቀው እንደነበር ያወራሉ። ይሁንላቸው።

እናታችን «ጨርሰሽ አትክሺ» ብላሻለች። ባለቤቴ ወርቁ እንኳን ደስ አለሽ ይልሻል። ልጄ ሜሮን አክስቷ ሚሎሽን ምን እያበላች እንደምታኖረው ትጠይቃለች፤ ጥሬ ሥጋ ነው ብያታለሁ።

የአባባን ሰላምታ እንዳሉት ነው የምጽፍልሽ። «መርቄያታለሁ፤ በልጅ በረከት ይባረኩ። ለዚያ ልጅ ግን ንገሪልኝ፦ ኖኅ የላከው ቁራ ሳይመለስ ቀርቷል። እሱ ግን ዓይኔ ሳይከደን ልጄን ይዞልኝ ይምጣ።»

እህትሽ አሰለፈች አስናቀ
ደብረ ታቦር፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.