ለሁለት የቆየ ወይን

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ኅዳር 6

የቡሽ መክፈቻን የፈለሰፈው ሰው ይቅር አይባል። ግማሹ ቡሽ ጠርሙሱ ውስጥ ገባብኝ፤ በሻይ ማጥለያ አጠለልኩት። የድሮ ጓደኛዬ ዳንጊሶ ቢያይ ወር ሙሉ ይስቅብኝ ነበር።

ይህን ቀይ ወይን አልጋዬ ሥር ያስተኛነው አብረን ነው፤ ለዛሬው ልደቴ ልንከፍተው ተቀጣጥረን። ጌታን ከተቀበለ ወዲህ ግን መጠጥ ተወ፤ ከመጠጡ ጋር የእኔንም ቤት። አሞራ ገደል ዓሣ ልንገዛ ስንገናኝ እንኳ ሰላምታችን ከሩቅ ሆኗል።

ለማንኛውም ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። የእኔን ቀመስኩ፤ ቆይቶ ለስልሷል። ምን ምን እንደሚል ግን አላወቅኩም። እሱን የሚለየው የዳንጊሶ አፍንጫ ነበር፤ እኔ ምላስ ብቻ ነኝ።

በሩ ተንኳኳ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ክፈት! ፓስተሩን ጠይቄ ነው የመጣሁት፤ ማሽተት አይከለከልም ብለውኛል!»

ሁለተኛውን ብርጭቆ ይዤ ልክፈትለት።