በአባትህ ስም ፈረምኩ

ሐሙስ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድህና ዛሬ ለተናደድኩብህ ልጄ፣

ጤናህን አልጠይቅም፤ ትናንት በስልክ ስትጮህብኝ ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ። «እማ፣ እኔም በምጠራበት በአባቴ ስም አትፈርሚ! መሥሪያ ቤት አይሁዳዊ መሆኔን አያውቁም» አልከኝ። ፈርሜያለሁ፤ ጋዜጣውም ዛሬ ወጥቷል። አሁን ቁጭ በልና ለምን እንደሆነ አንብብ።

ሰኞ የምኩራባችንን በር ቤንዚን አርከፍክፈው አቃጠሉት። ዘበኛው፣ ያ አንተን ትከሻው ላይ እያዞረ ያሳደገህ ሽማግሌ፣ እሳቱን በእጁ አጠፋለሁ ሲል ሁለቱም መዳፎቹ ተላጡ። ሆስፒታል ሄጄ ቃሉን ስቀበል ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ብርጭቆ መያዝ አይችልም።

ማክሰኞ የሰብአዊ መብት ቢሯችን ቦርድ ተሰበሰበ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቢሮ! የእስረኛ እናት ስታለቅስ፣ ስደተኛ ከተከራየበት ሲባረር፣ የማንም ሃይማኖት ሰው ሲደበደብ መግለጫ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ረቂቁን አነበበ፦ «በአንድ የአምልኮ ቤት ስለደረሰው አደጋ።» አደጋ! በሩ በራሱ የነደደ ይመስል! «የማን አምልኮ ቤት? ለምን አይሁድ አትሉም?» አልኩ። «እናታችን፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ቃሉ ሰው ያስቆጣል» አለኝ። አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ! ለእኛ ጊዜው ጥሩ የሚሆነው መቼ ነው?

ከዚያ የገዛ ደንቤን መዘዘብኝ። ወገኑ የተጎዳበት የቦርድ አባል በመግለጫው ላይ አይወስንም የሚለውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ አድልዎ እንዳይኖር ብዬ። «ስለዚህ ለጊዜው ውጪ ይጠብቁን» አለኝ። በቆፈርኩት ጉድጓድ ገባሁልህ። ኮሪደር ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ «ምነው፣ አባረሩዎት እንዴ?» ስትለኝ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። የቀሩት ስድስቱም የቦርድ አባላት ረቂቁን ፈረሙ። ከመካከላቸው ጠበቃዋ እንኳ፣ ስትታሰር ስምንት ወር የጮኽኩላት፣ ዓይኔን ሳታይ አለፈችኝ።

እኔም የራሴን መግለጫ ጽፌ ለጋዜጣ ሰጠሁ። ቤንዚኑን ቤንዚን፣ አይሁዱን አይሁድ አልኩ። ሳላገባ በምጠራበት በልጅነት ስሜ መፈረም እችል ነበር። ግን አባትህ ስሙን ደብቆ አልሞተም፣ እኔም አልደብቀውም። አንተስ፣ ትልቅ ሰው ሆነህ፣ እስከ መቼ ነው በገዛ ስምህ የምትደነግጠው? ማን እንዲህ አድርጎ አሳደገህ?

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ባስገባሁህ ቀን፣ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ በሩ ላይ ተንበርክኬ የዳዊት ኮከብ ያለበትን ሐብል ከአንገትህ አወለቅኩት። «ከጠየቁህ ዝም በል» አልኩህ። ስብሰባ ረፍዶብኝ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ እምነቱን ሳይደብቅ እንዲማር ልከራከር።

ወሬ ከደብዳቤ ይፈጥናል፤ ይህ ሳይደርስህ መሥሪያ ቤትህ ስሜን አይተው ጠይቀውህ ይሆናል። ፈጣሪ ካለህበት ይጠብቅህ፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ምላስ ያውጣህ። አላውቃትም ብለሃቸው ከሆነ ግን፣ ማን እንዳስተማረህ አውቃለሁ።

እናትህ