የከለከልኩህ ጓሮ

የምሕረት አባት፣ ዓለሜ፣

በሞት ከተለየኸኝ አራት ዓመት አለፈ። ሦስቱን የቆየሁት እዚሁ ኩዌት፣ ሳልዋ ሰፈር፣ አሠሪዬ ማዳም ቤት ነው። ደስ ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነበር፤ እስካሁንም ሌላ ሰው አልለመድኩም። ስለዚህ ስማኝ፣ የልጅ ልጅህ ዓይን ዳነ።

ባለፈው ክረምት ምሕረት በስልክ እያለቀሰች ነበር የነገረችኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሕፃኗ እናቷን የምታገኛት በእጇ እየዳሰሰች ነው፣ በርጩማው ሁሉ ያደናቅፋታል አለችኝ። ጤና ጣቢያ ዳፍንት ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። ተመልሶ እንዳይመጣባት ደግሞ ያንን ውስጡ እንደ ካሮት የሆነውን ስኳር ድንች ተክለሽ አብያት አሏት። እኔ ይህን ስሰማ የማዳም ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የልማት ሠራተኛው የሰጠህን የዚህኑ ድንች ሐረግ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ ስትመጣ አሁንም ይታየኛል። በአገራችን ማሳው የባል፣ ጓሮው የሚስት ነው። አንተም ሥርዓት አክብረህ፣ ለልጆች ዓይን ጥሩ ነው እያልክ ጓሮዬን ለመንከኝ። እኔ ግን የጎረቤት ሴቶችን አፍ ፈራሁ። ዱቄታሙን ነጩን ትታ ባሏን የሕፃን ምግብ ታበላለች እንዳይሉኝ ብዬ እምቢ አልኩህ። አንተ ለቅሶ ልትደርስ በሄድክበት ሐረጉን ለጥጃዋ ሰጠሁት። ስትመለስ አልተቆጣህም። «እንግዲህ ቢያንስ ጥጃዋ በደንብ ታያለች» ብለህ ሳቅክ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምሕረት ሐረጉን ከሌላ ቀበሌ ለምና አመጣች። መሬታችንን የሚጠብቀው ወንድምህ በየነ ግን አላስተክልም አለ። ውሃ ውሃ ይላል፣ የሕፃን ምግብ ነው፣ ወንድ አያጠግብም አለ። የእኔው ቃል ከሱ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። ካርድ ገዝቼ ደወልኩለት። ስለ ቫይታሚን ምንም አላወራሁም። ማዳም ይህንኑ ድንች ከጀምዒያ፣ ከሰፈሩ ትልቅ ሱቅ፣ እያስመጣች ለልጅ ልጇ እንደምታበላው፣ ባልየውም ከሥጋ ጋር እንደሚበላው፣ ቀቅዬ የማቀርበውም እኔ መሆኔን ነገርኩት። ከዚያ፣

«በየነ፣ ጓሮው የማን ነው?» አልኩት።

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ከአጥሩ እስከ እንሰቱ ድረስ ትከልልኝ።»

ተከለ። ዘንድሮ ቆፍረው አወጡ። በየነ ራሱ በሚያቃጥለው ዳጣ እያጠቀሰ እየበላ፣ ሐረጉን ለጎረቤት እያደለ ነው አሉኝ፤ እንዲያውም ለሌላው የሚሰብከው እሱ ሆኗል። ትናንት ምሕረት ስትደውል ልጅቱ የት አለች ብላት፣ በአመሻሹ ጫጩቶቹን ወደ ቆጥ እያስገባች ነው አለችኝ። አንዷም አታመልጣትም አሉ።

ዓርብ ሪቃይ ሰፈር ባለው የጸሎት ቤታችን ውስጥ ተነስቼ መሰከርኩ። እህቶች እልል አሉልኝ። የተናገርኩት ግን የልጅቷን መዳን ብቻ ነበር፤ የእኔን እምቢታ ዋጥኩት። ስቀመጥ አንተን የሸሸግኩህ መሰለኝ።

ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ። ያቺ ልጅ ይህን ድንች ማን አመጣልን ብላ መጠየቋ አይቀርም። ያመጣው አያትሽ ነው፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። አንዱን ከሌላው አልለይም። ራሴን ለማሳመር ብዬ አንተን አልረሳም፣ ዓለሜ።

የምሕረት እናት