ከጭነት ላይ ያወረድኩት ሞተር

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያቀብልሽ ሹፌር ሞተር ብስክሌትሽን ሳይዝ መምጣቱን ስታዪ፣ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ እንደምትቆጪው አውቃለሁ። ቁጣሽን ለእኔ አቆዪው፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ደግሞም በላክሽልን መልእክት ያነሳሻት፣ ከዳገቱ ጫፍ ያለችው መንታ ያረገዘች ሴት እስካሁን ካልተገላገለች፣ ንባብሽን እዚህ ላይ አቁሚ። ሹፌሩ እስከ ድልድዩ ሊያደርስሽ ተስማምቷል። ከድልድዩ ወዲያ በእግርሽ ነው። እናትሽ ጠንካራውን ጫማሽን በፌስታል ጠቅልላ ልካልሻለች። ሂጂ፤ ደብዳቤው ስትመለሺ ያገኝሻል።

ተመልሰሽ ከሆነ ግን ተቀመጪና ስሚኝ። አንቺ ያለሽበት ስልክ ስለማይሠራ እንጂ ይህን በአፌ ብነግርሽ በወደድኩ ነበር። ይህም ሙሉ እውነት አይደለም፤ ድምፄ ያሳብቅብኝ ስለነበር በጽሑፍ መሆኑ ሳይሻለኝ አይቀርም።

ሞተሩን ገዝተሽ በራችን ላይ ያቆምሽበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ። እናትሽ ዙሪያውን ዞራ ካየችው በኋላ፣ «ይሄ ነገር ስንት ትዳር ፈትቶ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው?» ብላ አሳቀችን። አንቺም፣ «እማዬ፣ ይሄኛው ይጸናል፤ እኔ እንደሆንኩ አልፈታውም» ብለሽ መለስሽላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ፣ «አባባ፣ ይውጡ እስኪ ላንሸራሽርዎ» አልሽኝ። ጎረቤት ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ያየን ስለነበር ወጣሁ። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን ቁልቁለት ስንጀምር መሪው በእጅሽ ውስጥ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ጎማው ወደ ግራ ሊሸሽ ይፈልጋል፤ አንቺ ትመልሺዋለሽ፤ ተመልሶ ይሸሻል። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ትከሻሽን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ስንመለስ፣ «ደህና ነው፤ መንገድ ይይዛል» አልኩሽ። ከንፈሬ ደርቆ ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ እንደነበር ያወቀ ሰው የለም።

ጉዳቱ የት እንዳለ ኋላ ራስሽ አገኘሽው። የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ አቅፈው ከመሪው ጋር ከሚያገናኙት፣ በጉድጓድ ላይ ሲያልፉ ከሚዘቅጡትና ከሚነሡት ሁለት የብረት እግሮች መካከል የግራው ጎብጦ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ከአንድ ነገር ጋር አላትሞታል፤ ደላላው ይህን አልነገረሽም። አንቺ ደግሞ የተመደብሽበት ጤና ጣቢያ ያለ አዋላጅ ስለሆነ መጠበቅ አልቻልሽም። መኪና ላይ ስትሳፈሪ፣ ሻንጣሽን የሚጭኑት ሰዎች ሁሉ እየሰሙ፣ «በሚቀጥለው መኪና ተጠግኖ ይደርስሻል፤ ቃሌ ነው» አልኩሽ። አንቺም፣ «እንግዲያው ደርሷል ማለት ነው» ብለሽ እጄን ሳምሽ። ቃሌን እንደዚያ አድርገሽ መቀበልሽ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያስፈራኛል።

ሞተሩን ለነጭ ሸሚዝ ሰጠሁት። ታውቂዋለሽ፤ ጋራዥ ውስጥ ውሎ ሸሚዙ የማይቆሽሸው መካኒክ ነው፤ በልጅነቱ ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጎማውን ፈትቶ እግሩን ካየ በኋላ፣ «የኔታ፣ ይሄ መለወጥ አለበት እንጂ ሌላ መላ የለውም» አለኝ።

«ይለወጣ።»

«ዕቃው የለማ! ከሩቅ ነው የሚመጣው። መቼ እንደሚገባ እኔም አላውቅ፣ የሚሸጡትም አያውቁ።»

«ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ» አልኩት። ሌላ ነገር አላልኩም። በማግስቱም ሄጄ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩ። ከዚያም በኋላ በየጠዋቱ ሄድኩ። አልቆጣሁም፤ አላስቸኮልኩም፤ ደህና አደርክ ብዬ ቆሜ ብቻ እመለስ ነበር። ይህ መልካም ትጋት መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ስደርስ ሞተሩ በደጅ ቆሞ አገኘሁት። ሁለቱም እግሮች አንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያብለጨልጫሉ። ነጭ ሸሚዝ ወጣበትና ሁለት እጁን ከመሪው ለቅቆ በጋራዡ ፊት ያለውን ደልዳላ መንገድ ሄደ፤ እንደዚያው ሆኖ ተመለሰ። «አዩ የኔታ? ወደ ግራ የለ፣ ወደ ቀኝ የለ!» አለኝ። አመሰገንኩት። እንዴት እንደተስተካከለ አልጠየቅኩም። ወደ ቤት ስመለስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ያ የመሪው መንዘፍዘፍ ከሐሳቤ አልወጣም።

ጭነቱ በሚጫንበት ቀን ሞተሩን ራሴ እየገፋሁ ወሰድኩት። ሁለት ጫኞች ወደ ላይ አወጡትና እንዳይወድቅ ሊያስሩት ገመድ በመሪው ላይ አሳለፉ። ወፍራሙ ጫኝ፣ «በል ተንበርከክ እንግዲህ፤ ምን ያኮራሃል!» እያለ በሙሉ ክብደቱ መሪውን ተጫነው። ሁለቱ እግሮች ዘቀጡ። ያን ጊዜ ገመዱ አመለጠውና መሪው ተለቀቀ። የቀኙ እግር ወዲያው ተነሣ። የግራው በዘቀጠበት ተቀርቅሮ ቀረ። ሞተሩ አንድ ወገኑ እንደሰለለ ሰው ወደ ጎን አዘነበለ፤ ከውስጡም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። የደረቀ እንጨት ሲሰበር ያህል ነው።

መኪናው ላይ መውጣት ጀመርኩ።

«የኔታ፣ ወዴት ነው? ኧረ ይወድቃሉ!»

«እጅህን ስጠኝ።»

ጫኙ ጎትቶ አወጣኝ። ከመሪው ሥር፣ እግሩን ከያዘው ማቀፊያ ዝቅ ብሎ፣ ቀለሙ ተሰንጥቆ አየሁ። በጥፍሬ ብነካው ተፈረፈረ፤ ከሥሩ ስንጥቅ የሚደፈንበት ነጭ ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ስፍቀው ቱቦውን እንደ ቀለበት የዞረ የብየዳ ጠባሳ ነበር። ከጠባሳው ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ቱቦውን ከግማሽ በላይ ዞሮታል። ልጄ፣ በዚህ ላይ ሆነሽ ያንን ቁልቁለት ስትወርጂ ታየኝ። የፊት ጎማው ከሥርሽ ሲሄድ፣ አንቺ መሪውን እንደያዝሽ ስትቀሪ ታየኝ። አጠገቤ በነበረ የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«አውርዱት» አልኩ።

«የኔታ፣ አሁን እኮ ገና አወጣነው!»

«አውርዱት ብያለሁ።»

ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ምንድን ነው ነገሩ? መንገዱ ሩቅ ነው እኮ። የተበላሸ ነገር ካለ እዚያ ታስጠግነው የለ!»

«እዚያ ጋራዥ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማን ይጠግነው? አዋላጇ?»

ጫኞቹ ሳቁ። ሹፌሩም ሳቀ። እኔ ግን ለማሳቅ ብዬ አልነበረም።

ነጭ ሸሚዝን አስጠራሁት፤ እየሮጠ መጣ። ስንጥቁን አሳየሁት። ላብ በግንባሩ ላይ እየወረደ እንዲህ አለኝ፦ «የኔታ፣ ቃልዎ ነዋ! በየጠዋቱ መጥተው ሲቆሙ እኔ ምን ላድርግ? የእርስዎ ቃል አይታጠፍም ሲባል አድጌ፣ በእኔ ጋራዥ ይታጠፍ? ብረቱን በእሳት አሙቄ አቀናሁት፤ ሲቀና ጊዜ ተሰነጠቀ። በየድኩት። ሞከርኩት፣ ያዘ። አዲሱ ዕቃ እስኪመጣ ያደርሳታል ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎ ይልኩት ነበር?»

«አልልከውም ነበር።»

«ያው ነዋ፤ ቃልዎ ይቀር ነበር። ቀስ ብላ ከነዳች እኮ ምንም አይላት።»

«በዝናብ፣ በቁልቁለት፣ ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት፣ ልጄ ቀስ ትላለች?»

«በል እሺ፣ ተነሥና ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለውን ቁልቁለት እንውረድበት፤ እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ» አልኩት።

«አይ፣ የኔታ። እርስዎንማ በዚህ አላፈናጥጥም።»

ምን እንዳለ ራሱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና አንገቱን ደፋ።

አንቺ ግን ገና አልጨረስሽም፤ ስለ ነፍሰ ጡሯ ልትጠይቂኝ ነው። እኔም ጠይቄያለሁ። ሞተሩ ወርዶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሳለ እዚያው ቆሜ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ባልልከው ያቺ ሴት አዋላጅ ሳይደርስላት ትቀር ይሆናል። እሷን አላውቃትም፤ አንቺን አውቅሻለሁ። ለልጄ ሳደላ በሰው ልጅ ላይ እየፈረድኩ እንዳይሆን ፈራሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሌሎችን አታዳሉ ስል የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ፍርሃት ከመጀመሪያው አላነሰብኝም። ምክንያት ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺ መንገድ ላይ ብትወድቂ እሷም አዋላጅ የላትም፤ ከእሷ በኋላ የሚወልዱትም የላቸውም። ይህ ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም እንደ ተረጋገጠ ነገር አልነግርሽም። የእሷን ወሬ ስላልሰማሁ እስካሁን እህል በወጉ አልወረደልኝም።

የተሰነጠቀውን የሞተሩን እግር አስፈታሁትና በፊቴ እንዲቆረጥ አዘዝኩ። ነጭ ሸሚዝ፣ «ምነው የኔታ፣ ለሌላ ነገር ይሆን ነበር እኮ» አለ። «ለዚያ ነው የሚቆረጠው» አልኩት። ከአንድ ድንጋይ ወደ ሌላው አጋድሞ፣ ለመጋዙ እንዲረጋለት በጫማው ረገጠው። በአንድ እግሩ ብቻ ነው፤ ሙሉ ክብደቱን እንኳ አላሳረፈበትም። ብየዳው ላይ ለሁለት ተሰበረ። መጋዙ ገና በእጁ ነበር፤ ብረቱን አልነካውም።

ወፍራሙ ጫኝ ኮፍያውን አወለቀ። ነጭ ሸሚዝ በዚያ ሸሚዙ አፈር ላይ ቁጭ አለና፣ «ገድያት ነበር» አለ። ልገሥጸው አስቤ የነበረው ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «አልገደልካትም። ተነሥ፤ እጅህን ታጠብ» አልኩት። እዚህ ላይ የፊደሌ ቅርጽ መበላሸቱን ሳታዪ አትቀሪም።

እናትሽ ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ለቃልህ ኖርክ፤ ዛሬ እንኳ ለልጅህ አደርክላት» አለችኝ። ከዚያ ጫማሽን ልትፈልግ ሄደች፤ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። የሰው ሞተር ተውሰሽ ልትነጂ እንደምትይ አውቃለሁ። ማንም ቢሰጥሽ ሳትወጪበት በፊት መሪውን በደረትሽ ተጫኚውና ልቀቂው፤ ሁለቱ እግሮች እኩል ካልተነሡ ለባለቤቱ መልሺለት። አዲሱ ዕቃ ታዟል። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም፤ ስለዚህ ቀን አልቆርጥልሽም። ሲደርስም ወደ ጋራዡ በር ሄጄ አልቆምም፤ ሥራው ሲያልቅ ነጭ ሸሚዝ ራሱ ይጠራኛል። ያን ጊዜ እንዴት እንደሠራው እጠይቀዋለሁ፤ እስኪገባኝም ድረስ እጠይቀዋለሁ።

እዚያ ሰዎች ሞተሩ የት ቀረ ይሉሻል። አባቴ ቃል ሰጥተውኛል እያልሽ አውርተሽላቸዋል፤ ይህንንም ሹፌሩ ነግሮኛል። ክብሬን ልትጠብቂልኝ ብለሽ ዕቃ ጠፍቶ ነው አትበያቸው። መካኒኩ አጥፍቶ ነውም አትበያቸው፤ ያ ሰው የሚበቃውን ተቀጥቷል። አባቴ ፈራ በያቸው። ቃላቸውን አጠፉ ወይ ቢሉሽም፣ አዎ፣ ፈርቶ አጠፈው በያቸው። ድምፅሽን ዝቅ ሳታደርጊ ተናገሪው።

የሚፈራልሽ
አባትሽ