የተበየደው ፒን

ጥር 3

የተለየ ነገር የለም። ሁለት ተሳቢ ከግንባር ተመልሰው መጡ። የአንዱ የኋላ መዝጊያ ተገንጥሏል፣ የሌላው ወለል ተሰንጥቋል። ሁለቱንም በየድኩ። ወገቤ ተቆረጠ።

ሙሽራው የምንለው ሾፌር ጎማ ሲያስነፋ ሲዘፍን ዋለ። ካገባ ዓመት አልፎታል፣ ሚስቱም እርጉዝ ናት፣ ስሙ ግን እንደተለጠፈበት ቀረ። "እትዬ፣ እስኪ ለእኔ ተሳቢ የአልጋ ራስጌ በይጂበት" አለኝ። ጓንቴን ወረወርኩበት።

ራት ላይ ወንድሜ፣ እሱም ሾፌር ነው፣ እማዬ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ግንባር ስለሚወስደው ዳገት አወራኝ። እዚያ ሁልጊዜ ይተኮስባቸዋል። ምን ታደርጋላችሁ ታዲያ? አልኩት።

"ምን ይደረጋል? ተሳቢውን ከመኪናው የሚያያዘውን ፒን ነቅሎ፣ ተሳቢውን ጥሎ መፈርጠጥ ነዋ። ተሳቢ እየጎተትክ ዳገት ላይ ኤሊ ነህ።"

ጥር 9

የጋራዡ አዛዥ ሻለቃው ሰበሰበን። ሾፌሮች ተሳቢ መጣል ልማድ አድርገውታል፣ የመንግሥት ንብረት ሜዳ ላይ እየቀረ ነው... ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ፒኖቹ ይበየዱ። ሲደርሱ እዚያ በመጋዝ ይቆረጥላቸዋል አለን።

ማን ይበይዳል? እኔ። ሌላ በያጅ የት አለ!

"ጌታዬ፣ መንገድ ላይ ከተመቱስ?" አልኩ።

"አንቺ በይጂ። ስለመመታቱ እኔ አስባለሁ።"

እሱ ያስባል! ዳገቱን አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም። በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ ነው ያዘዘን። ደሜ ፈላ። ግን ምላሴን ዋጥኩ... ለምን ዋጥኩ?

ጥር 10

ቀኑን ሙሉ በየድኩ። የሻለቃው ሰው አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዱን ፒን በመዶሻ እየመታ ይፈትሻል። ሾፌሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ያዩኛል። አንድም ሰው አልተናገረኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የወንድሜ መኪና መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሰውዬው ስልክ ተደወለለትና ዞር አለ። ያኔ የእሱን ፒን በአንዲት የብየዳ ነጥብ ብቻ አስያዝኩት። ላዩን ሲያዩት ያው ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ለመታው ግን ይወልቃል። ሰውዬው ሲመለስ ደክሞታል፣ ዓይቶ ብቻ አለፈው።



ጥር 11

ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ለወንድሜ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ!

"ለሙሽራውስ?" አለኝ።

"አልቻልኩም። ሰውዬው ቆሞብኝ ነበር።"

"እታለም፣ ከእነሱ ጋር አብሬ እየበላሁ... እኔ ብቻዬን ነቅዬ ልውጣ?"

"አዎ! ነቅለህ ውጣ! እማዬ ሌላ ወንድ ልጅ አላት?"

"እነሱን እናት አልወለደቻቸውም?"

እማዬ ከውስጥ "ምንድን ነው ጭቅጭቁ?" አለች። "የሳሙና ነገር ነው እማዬ" አልናት፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

ከሰዓት ሾፌሮቹ ወደ ግንባር ወጡ። አኩርፌ ማሽኑ ጋ ቀረሁ። ግትር! ከልጅነቱ ጀምሮ ግትር ነው።

ጥር 14

ወሬ የለም።

ጥር 17

ተመለሱ።

መጀመሪያ ያየሁት የወንድሜን መኪና ነው። ተሳቢ የለውም! እየሮጥኩ ሄድኩ። በሩ ተከፈተ... የወረደው ሙሽራው ነው።

"እሱስ?"

መሬት መሬት ያያል። "ልንወጣ ስንል መኪና እንቀያየር አለኝ። የኔ ሞተር ይሞቃል፣ አንተ ታባብለዋለህ አለኝ። እትዬ፣ እኔ ምኑን አውቄ..."

ዳገቱ ላይ ተተኮሰባቸው። ሙሽራው ፒኑን ሲመታው ወለቀለት። ዞር ብሎ ሲያይ ወንድሜ ከኋላው የራሱን እየመታ ነው። ረዳቱ እግሩን ተመትቶ ጋቢና ውስጥ ነበር፣ ጥሎት መሮጥ አልቻለም። መታ፣ መታ... አልወለቀለትም። ከዚያ መኪናው ተቃጠለ።

ያ የእኔ ብየዳ ነው። እኔ ነኝ ያጠበቅኩት።

ሙሽራውን በጥፊ መታሁት። ምን አደረገኝ? አልሸሸም። አንገቱን ይዤ ጮህኩ።

ጥር 18

ሻለቃው ለቅሶ መጣ። "የጀግና እናት" አላት እማዬን። እማዬ ማን እንደሆነ እንኳ አላወቀችውም።

በር ላይ ጠበቅኩት። "ተሳቢው ምን ጭኖ ነበር?"

"አሁን ይህን ምን ያደርግልሻል?"

"ምን ጭኖ ነበር?"

"ድንኳን... ወንበር። የስብሰባ ዕቃ።"

ወንበር! ወንድሜ ለወንበር ነደደ! ሻለቃው እማዬን ሊያጽናና መጥቶ ደግሞ ወንበር ስጡኝ ብሎ ተቀመጠ። አሁን ስጽፈው አንጀቴ ያርራል።

ጥር 22

ከጥበቃ ክፍል። እርሳሱን ጠባቂው አዋሰኝ።

ጠዋት ሥራ ገባሁ። ሊወጡ የተሰለፉ ተሳቢዎች አሉ፣ በይጂ አሉኝ። ብረት መቁረጫውን ግራይንደር አነሳሁና ገና ሳይወጡ፣ ቀደም ብዬ የበየድኳቸውን ፒኖች መቁረጥ ጀመርኩ። አልተደበቅኩም። መዶሻ ያዡ ሲጮህ ሾፌሮቹ መጥተው ከበቡኝ፣ ጀርባቸውን ለእኔ ፊታቸውን ለእሱ። የመጨረሻውን እስክጨርስ ማንም አላለፈም።

"ትታሰሪያለሽ!" አለ ሻለቃው።

"እሰረኝ! በምን ታስፈራራኛለህ ከእንግዲህ?" አንተ አልኩት፣ በሰው ፊት።

ከሰዓት ከውጭ ሌላ በያጅ አመጡ። በመስኮቱ አየዋለሁ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ሰላማዊ ሰው ይመስላል። ማሽኑን ሰካ፣ ተንበረከከ።

"ወንድሜ!" ብዬ ወደ እሱ ጮህኩ። "ወንድሜ፣ መኪናው የማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅ!"

ጠባቂው ዝም በይ አለኝ። አልልም!

ሙሽራው ከሾፌሮቹ መሃል ወጥቶ ፊቱ ቆመ። "የኔ ነው" አለው። "ትናንት ልጅ ተወልዶልኛል።"

በያጁ ማሽኑን ነቀለና ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ሻለቃው እጁን እያወናጨፈ ይጮህበታል፣ እሱ ቀና ብሎም አላየው።

ሦስተኛ በያጅ ያምጣ። ድምፄ ገና አልዘጋም።