የማይታየውን አጥር የሠሩት አቶ በዛብህ አሻግሬ አረፉ

የበሰቃ ዳር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሠራተኞች መረዳጃ ዕድር እንዲህ ሲል ያስታውቃል። የግቢያችን ቀያሽና የአትክልት ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ በዛብህ አሻግሬ ዛሬ፣ በአቦ ዕለት፣ ማክሰኞ ኅዳር 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዕድራችን እጅግ አዝኗል። ማዘን ብቻም አይደለም፤ ተቆጥቷል።

አቶ በዛብህ ከባቡር ሐዲድ ቀያሽነት ወደ ሆስፒታላችን የመጡት በ1947 ዓ.ም. ነበር። ግቢው ያን ጊዜ በእሾህ ሽቦ የታጠረ ጭቃ ነው፤ ሕሙማኑም ከክፍላቸው አይወጡም ነበር።

በ1949 ዓ.ም. ሽቦውን አስነቅለው በግቢው ዳርቻ ጥልቅ ቦይ አስቆፈሩ፤ የድንጋይ አጥርም ከቦዩ ውስጥ አሠሩ። መስኩ ላይ ለቆመ ሰው አጥር የሚባል ነገር አይታየውም። ማሳው፣ ሐዲዱ፣ የሚያልፈው ባቡር ሁሉ ፊቱ ነው። ሆኖም ተሻግሮ የጠፋ ሕመምተኛ አልነበረም።

በ1953 ዓ.ም. ለግቢው መንገዶች ጥላ የሚሆኑ የወይራና የጥድ ዛፎች ከሕሙማኑ ጋር አብረው ተከሉ። ባቡሩ ሲያፏጭ ሕሙማኑ ቦዩ ዳር ወጥተው እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር፤ ተሳፋሪውም ይመልስላቸዋል። ብዙዎቹ ጠያቂ ዘመድ የላቸውም፤ ከውጭ ሰው ጋር ሰላም የሚባባሉት ያኔ ብቻ ነበር።

አምና አስተዳደሩ “መንገደኛ እብድ ማየት አይፈልግም” ብሎ በቦዩ ዳር ረጅም ግንብ አስገነባ። ለመሆኑ የትኛው መንገደኛ ነው እንዲህ ያለው? አቶ በዛብህ ታመው እንኳ በከዘራ እየተደገፉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። ሰሚ አላገኙም። አሁን ባቡሩ ሲያፏጭ ሕሙማኑ ግንቡን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ኧረ ነውር ነው! ግንቡን ያዘዙት ሰዎች ዛሬ የአበባ ጉንጉን ልከውልን ነበር፤ መልሰንላቸዋል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስካለማርያም፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን።

ቀብራቸው ነገ ረቡዕ በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። አስከሬናቸው በሐዲዱ ዳር አድርጎ በግንቡ ሥር ያልፋል። አስከሬን ሲያልፍ ብድግ ብሎ መሸኘት የሰው ሁሉ ወግ ነው፤ ሕሙማኑም ሰው ናቸው። ስለዚህ አስተዳደሩ በሐዲዱ በኩል ያለውን የግንቡን በር ይክፈትላቸው። አልከፍትም ካለ ቃሬዛውን በሩ ላይ አሳርፈን እንጠብቃለን። እነሱ ሳይሸኟቸው አንቀብራቸውም።